የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ

ጠራዡን የሰደበው የዳኛው ወንድ ልጅ ነው። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ቦታው የዳኛው ሳሎን፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ትይዩ፣ መደገፊያዋ የተላጠ ወንበር ላይ። ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፎታል፤ ጠራዡ ግን የትናንት ያህል ቃል በቃል ይዞታል። ሃያ አራት የሕግ መጻሕፍት ጠርዞ፣ በሁለት ካርቶን ተሸክሞ አድርሶ፣ "ዳኛው እስኪያዩት ቁጭ በል" ተብሎ ይጠብቅ ነበር። ጊዜው አልገፋ ሲለው ከካርቶኑ አንዱን መዘዘና ማንበብ ጀመረ። ልጁ፣ ያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ ከሁለት እንግዶች ጋር ከውስጥ ብቅ አለ። ቆም ብሎ አየው። ከዚያ ከሕፃን እጅ ቢላ እንደሚወስድ ሰው መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ወሰደና፣

"ወዳጄ፣ አንተ ጀርባውን ስፋ፤ ሆዱን ለእኛ ተወው" አለው።

አንደኛው እንግዳ ሳቀ። ሁለተኛው ደግሞ፣ የባሰው እሱ ነው፣ ሳቁን ለመደበቅ ሳለ።

ጠራዡ ያን ዕለት ከአፉ የወጣው "እሺ ጌታዬ" ብቻ ነበር። ከስድቡ ይልቅ ያቺ "እሺ ጌታዬ" ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበው።

እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ ዘንድ አይጠፋም። ስድስተኛ ክፍል ሳለ "ወንበር ልታሞቅ ነው የምትመጣው?" ያለውን የሒሳብ አስተማሪ ሹራብ ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል፤ ቡናማ ነው፣ የግራ ክርኑ ተጥፏል። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ጥረዛ ገባ። ሌላው ሰው የልጅነት ዘመኑን በፎቶ ይይዛል፤ እሱ በስድብ ይዞታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የዚያኑ ዳኛ ሴት ልጅ፣ የሰዳቢውን ታናሽ እህት የወደደው። በምን ተገናኙ ብትሉ፣ በወረቀት።

የጠራዡ ክፍል ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ናት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ውጭ ይቀራል። አንድ የብረት መጭመቂያ፣ አንድ የሙጫ ጣሳ፣ ቡሽ ላይ የተሰኩ መርፌዎችና የጎረቤቱን የልብስ ሰፊ ግድግዳ የምታሳይ አንዲት መስኮት አሏት። የሱቁ ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ ደብተር" የሚላቸው ሴት ናቸው፤ ደንበኛ ወደ ጠራዡ የሚያልፈው በእሳቸው ባንኮኒ በኩል፣ በእሳቸው ቀልድ ተፈትሾ ነው።

ጠራዡ እየሰፋ ያነባል። ያነበበው ነገር ሲያናድደው ከተከረከመ ጠርዝ በሚተርፈው ቀጭን ወረቀት ላይ ጫር ጫር ያደርጋል። አንድ ቀን እንዲህ የጫራትን ወረቀት ከዳኛው ቤት በመጣ መጽሐፍ ውስጥ ረሳት። "ደራሲው እዚህ ላይ ደክሞታል። ሰውየውን የገደለው ለሰውየው የሚሆን ሥራ ስላጣ ነው" ትላለች።

በሳምንቱ ሌላ መጽሐፍ መጣ። ውስጡ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ነበር። "ልክ ነዎት። እኔም እዚያው ላይ ነው መጽሐፉን የዘጋሁት። ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት?"

"ጠራዡ ነኝ" ብሎ ጻፈ። ሌላ ምን ይጻፍ?

ጻፊዋ የዳኛው ሴት ልጅ ናት፤ በሳምንታዊ መጽሔት ላይ ሰሞኑን ስላነበበቻቸው መጻሕፍት የምትጽፍበት አምድ አላት። ከዚያ ወዲህ ግን እውነተኛ ሐሳቧን የምትጽፈው ለመጽሔቱ አልነበረም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ መጽሐፍ እየሄደ መጽሐፍ መጣ። ፊት ለፊት የተያዩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ በእትዬ ደብተር ባንኮኒ ላይ፣ እሷ ቦርሳዋን እያየች፣ እሱ ጣቶቹን እየደበቀ።

ከእሷ በፊት ጠራዡ የሚወደው የወንጀል መጽሐፍ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሬሳ፣ የመጨረሻው ላይ ካቴና። እሱ ዘንድ የሚመጣ መጽሐፍ መቼም ደህና ሆኖ አይመጣምና መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ የተገነጠለ ነው። ስለዚህ ገዳዩን ራሱ ይመርጥ ነበር። ሁልጊዜም ገዳዩ የተማረ ሰው ይሆናል።

እሷ ግን ምንም የማይሆንባቸውን መጻሕፍት ትልክለት ጀመር። አንዱ አንድ ሽማግሌ የፈረሰ የድንጋይ አጥር መልሶ ሲክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያው ነው። "ሦስት መቶ ገጽ አነበብኩ" ብሎ ጻፈላት፤ "አጥሩ አላለቀም። ሰውየው አልሞተም። ደራሲው ይቀልድብኛል?"

"ደግመው ያንብቡት" ብላ መለሰች። "አጥሩን ይተዉትና የሰውየውን እጅ ይዩ።"

በንዴት ደግሞ አነበበው። ሁለት መቶ ምናምነኛው ገጽ ላይ ሽማግሌው አንድ ድንጋይ አንሥቶ፣ የት እንደሚገባ ጠፍቶት፣ ዝም ብሎ ይዞት ይቆማል። ጠራዡ እዚያ ላይ መርፌውን አስቀመጠ። ዐይኑ ሞላ። ማንም እንዳያየው ወደ ልብስ ሰፊው ግድግዳ ዞረ።

ከዚያ በኋላ የወንጀል መጽሐፍ አልጣፍጥ አለው። ገና ሬሳው ሳይገኝ ያዛጋል። ይሄንንም በሆዱ ያዘባት፤ ሰው የሚወደውን ቀምቶ የማያውቀውን ረሃብ መስጠት ምን የሚሉት ደግነት ነው? አዲሶቹን መጻሕፍት እያነሣ ይጥላል፣ የጣለውን መልሶ ያነሣል፤ እንደ ድሮው ተረጋግቶ የሚያነበው ነገር አጣ።

እሷም ግን አልቀረላትም። አንድ ቀን እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "ይኸው በእርስዎ ጦስ የወንጀል መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ገጾች ሆን ብዬ ሳላነብ ዘጋሁት። ገዳዩ ወንድሜ እንዲሆን ወስኛለሁ።"

ጠራዡ ብቻውን ሳቀ። እትዬ ደብተር ከወዲያ "ምነው፣ ሙጫው ናላህ ላይ ወጣ እንዴ?" አሉት። ያን ቀን ነው ልቡን ያወቀው።

አራት ጊዜ ጽፎ አራት ጊዜ ቀደደ። አምስተኛው ቀረ። "ስለ ሰው ፍቅር አሥራ አንድ ወር ተጻጻፍን። አሁን ስለ ራሴ ልጻፍ። እወድዎታለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ያውቃሉ። ቤታችሁ አንድ ጊዜ ገብቼ አንድ ነገር ተብዬ ወጥቻለሁ፤ ይህን አያውቁም። መልስዎ እንቢ ከሆነ ምንም አይጻፉ፤ ዝምታው ይገባኛል።"

በዘጠነኛው ቀን በዳኛው ዘበኛ እጅ መጽሐፍ መጣ። ገጽ በገጽ አየው፤ ወረቀት የለም። በጀርባው ይዞ አራገፈው። ደግሞ አራገፈው። አንዲት የደረቀች ትንኝ ወደቀች።

"እትዬ፣ ዘበኛው ሌላ የሰጠዎት ነገር የለም?"

"ፈገግታ ሰጥቶኛል" አሉ እትዬ ደብተር። "ልጠቅልልልህ?"

አልሳቀም። ዝምታው ገባው።

አሁን ስለዚህ ሙያ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አሮጌ መጽሐፍ ሲጠረዝ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ያ ካርቶኑ ላይ የሚጣበቀው፣ አዲስ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሰዎች ደግሞ የቤታቸውን ምሥጢር የሚጽፉት እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ የስጦታ ቃል፣ የሞተ ሰው ቀን፣ የፈረሰ ትዳር ፊርማ። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ጠራዥ የማያወላውል ሕግ ነበራቸው፦ "ከፊተኛው ገጽ እስከ ኋለኛው ያሻህን አንብብ። የሽፋኑ ውስጥ ግን የባለቤቱ ነው። ዐይንህን መልሰህ ለጥፍ።" ጠራዡ በዚህ ምድር ላይ ያለ ማጉረምረም የሚያከብረው ሕግ ይህ ብቻ ነው።

መጽሐፉን ሲያዘጋጅ በሽፋኑ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም በዐይኑ ጥግ ውል አለበት። የአንድ ሰው የስጦታ ቃል መሰለው። ዐይኑን መለሰ። ሙጫውን ቀባ፣ ወረቀቱን አለበሰ፣ መጭመቂያው ውስጥ አስገብቶ እጀታውን ከወትሮው አንድ ዙር አስበልጦ አጠበቀ። ሲደርቅ ለዳኛው ዘበኛ ሰጥቶ፣ ያለ አንዲት ቃል፣ ፊቱን አዙሮ ተመለሰ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው እትዬ ደብተር መጽሔቱን ዘርግተው አመጡለት። "ያቺ ልጅ ስለ አንተ የጻፈች ይመስለኛል።"

አምዱ እንዲህ ይላል፦ "ድሮ የምወዳቸው መጻሕፍት ሰሞኑን ከእጄ እየወደቁ ነው። ማንበብን እንደ አዲስ ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ቤታችንም አይደለም፤ ጣቶቹን ሙጫ የማይለቃቸው አንድ ሰው ነው።"

ሙጫ የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ጆሮው ጋለ። በአደባባይ! ለሃያ ሺህ አንባቢ! መጽሔቱን አጥፎ ከመጭመቂያው ሥር ወሸቀው። ቀጥሎ ያለውን መስመር ቢያነብ ኖሮ "እሱ ዝም ካለ ወዲህ ምን እንደማነብ ጠፍቶኛል" የሚል ያገኝ ነበር። መጽሐፍ አጋምሶ የማያውቅ ሰው፣ የገዛ ራሱን ታሪክ አጋምሶ ተወው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች።

ባንኮኒው ላይ አልቆመችም። እትዬ ደብተር አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አልፋቸው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገባች። ፊቷ እንቅልፍ ያላየ ፊት ነው። ከቦርሳዋ መጽሐፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

"ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ?"

አንተ አለችው። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አንድ ቀን ብላው አታውቅም። ይኸው፣ አለ በልቡ፣ የቤቱ ንቀት እሷም ላይ ወጣ።

"አዎ እመቤት። የጎደለ ነገር ካለ አስተካክላለሁ።"

"እመቤት?" ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፏ ወጣ። "እኔ እኮ መልሴን ነው የላክሁልህ። አንተ ለጥፈህበት መለስክልኝ! ሐሙስ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ዘበኛው ሲሰጠኝ ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ ቆሜ ከፈትሁት፣ ነጭ ወረቀት። ሰው በዕድሜዬ እንዲህ ሰድቦኝ አያውቅም።"

"ምን መልስ? እኔ አራግፌ አራግፌ..."

"ወንድሜም ያራግፋል! አንዷን ወረቀትህን አግኝቶ እራት ላይ አነበባት። ከዚያ ወዲህ ከቤት የሚወጣውን መጽሐፍ ሁሉ ያራግፋል። ምን ላድርግ? የማይወድቅ ቦታ ፈልጌ ሽፋኑ ውስጥ ጻፍሁት። ጠራዥ አይደለህ? መጽሐፉን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱ ነው ብዬ!"

ጠራዡ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። መላ መጽሐፉ ውስጥ እሱ የማያነበው አንድ ገጽ ነበር፤ እሷ የጻፈችው እዚያ ላይ ነው።

"እሱን አላነብም" አለ ቀስ ብሎ። "ለባለቤቱ ክብር ስል። ማንም የጻፈውን አላነብም። እንደዚያ ነው የተማርኩት።"

ትኩር ብላ አየችው። የሚዋሽ ሰው እንዳልሆነ አየች፤ ይሄ ደግሞ ከንዴቱ ይልቅ ከበዳት።

ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሮ ጨምቆ የሽፋኑ ውስጥ ላይ አለበሰው። ተለጥፎ የደረቀን ወረቀት ማንሣት ጥድፊያ አይወድም፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ትንፋሿን ይሰማል። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ከዚህ በላይ ተጠጋግተው አያውቁም፤ የሚነጋገሩት ግን አልነበረም። ጨርቁን ሲቀይር እጇ እጁን ነካው። አላነሣችውም።

ከጥጉ ጀመረ። በጥፍሩ፣ ከዚያ ወረቀት በሚያጥፍባት ጠፍጣፋ አጥንት፣ ስስ ስስ እያደረገ ገለጠው። ሰማያዊው ቀለም ተለቅልቆ እንደ ጭጋግ ሆኗል፤ ግን ይነበባል። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ እንደ ተማሪ ልጅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"እሺ። እኔም። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ የሚባል ነገር ይቅር፤ አንተ ልበልህ። ለአባባ ነግሬዋለሁ። ቆጣ አለ፣ ቆየና ይምጣ አለ። እሑድ በስምንት ሰዓት ና። ወንድሜም ይኖራል፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።"

ጠራዡ ቀናቱን በጣቶቹ ቆጠረ። ማንቆርቆሪያው ብቻ ያፏጫል። እሑዱ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው።

"ጠበቅሽኝ?"

"አባባ ኮቱን ለብሶ ተቀመጠ። ሳሎኑን ራሴ ወለወልሁት። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መስኮት ላይ ነበርኩ። መንገድ ላይ ሰው በታየ ቁጥር ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። መጨረሻ ላይ አባባ ኮቱን አውልቆ ምንም ሳይናገር ገባ። ወንድሜ ብቻ 'ሙጫው አልደረቀለትም ይሆናል' አለ።"

ጠራዡ ቀና አለ። ሲያነብ ዐይኑ ውስጥ የሞላው እንባ የት እንደ ገባ አይታወቅም።

"እንዲያ አለ?"

"ተወው እሱን።"

"እንዲያ አለ ወይ? ማን ማን ነበር? ማን ሳቀ?"

እጇን ከእጁ ላይ አነሣች።

"ሦስት ሰዓት ሙሉ መስኮት ላይ ነበርኩ አልኩህ" አለች። ድምጿ ዝቅ ብሏል። "አንተ የምትጠይቀኝ ማን እንደ ሳቀ ነው።"

"እመጣለሁ! ነገ እመጣለሁ። በስምንት ሰዓት፣ በሙሉ ልብስ! ፊቱን ማየት አለብኝ። አጠገቤ ስትቀመጪ፣ አባትሽ እጄን ሲይዙ፣ እዚያው ቆሞ ይይ! ያን ጊዜ ማን ሆዱን እንደሚያውቅ..."

ቆም አለ። የሷ ፊት አስቆመው።

"ምን ብሎህ እንደ ነበር አውቃለሁ" አለች። "ያን ቀን በሩ ጀርባ ነበርኩ፤ ሰምቼዋለሁ። አፍሬበት ሳምንት አላናገርሁትም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ወደዚህ የላክሁትም ለዚያ ነው፤ ያ ሰው ምን እያነበበ እንደ ነበር ማወቅ ፈልጌ። ማን ነዎት ብዬ የጻፍሁልህም ያ ሰው አንተ መሆንህን ለማረጋገጥ ነው። አንተ ግን እስከ ዛሬ ከእሱ ጋር ነህ። አሥራ አንድ ወር የምጽፍልህ እኔ ነኝ፤ የምትመልሰው ለእሱ ነው።"

"እንደሱ አይደለም።"

"እንግዲያው ንገረኝ።" አንድ እርምጃ ቀረበች። "መጽሔቱ ሌላ ከተማ ቢሮ ከፍቷል፤ ሰኞ ጠዋት ሂጂ ብለውኛል። አንተን እየጠበቅሁ ሁለት ጊዜ አስተላለፍሁት፤ ሦስተኛ የለም። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ነገር ግን እውነቱን ንገረኝ። ነገ የምትመጣው ለእኔ ብለህ ነው፣ ወይስ እሱን ልታሳየው?"

ጠራዡ አፉን ከፈተ።

መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ማንኛውም ቀልጣፋ ሰው ሳያስብ ይላትና ልጅቷን ያስቀራታል። እሱ ግን ከመናገሩ በፊት ነገን በዐይነ ኅሊናው አየው። ሳሎኑን አየ። ሙሉ ልብሱን አየ። የወንድምየውን ፊት፣ መጀመሪያ ሲገረም፣ ቀጥሎ ሲቀላ፣ በኋላ መሬት መሬት ሲያይ፣ ቁልጭ አድርጎ አየው፤ የቅንድቡን ፀጉር እንኳ መቁጠር ይችላል። ከዚያ እዚያ ሥዕል ውስጥ እሷን ፈለጋት። የት እንደ ተቀመጠች ፈለገ። ምን ቀለም እንደ ለበሰች ፈለገ።

አጣት።

ለሰው ሁሉ መራራ ነው ይሉታል፣ ነው። ለሷ ግን መዋሸት አልሆነለትም። "ለአንቺ" የምትለውን ቃል ዋጣት፤ እንደ መርፌ እየወጋችው ወረደች።

መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሰማያዊው ቀለም አውራ ጣቱ ላይ ቀርቷል። ተነሣ። በጠባቧ ክፍል ውስጥ ትከሻዋን ሳይነካ ማለፍ አይቻልም፤ ነካው። ሻሽዋ ላይ የነበረው የሳሙና ሽታ ለቅጽበት ያዘውና ለቀቀው።

"አንተ" አለችው ከኋላው። በዚህች ጊዜ ቃሏ ለስላሳ ነበረች፣ የወረቀቱ ላይ ያለችው አንተ። "ዝም አትበለኝ። የፈለግኸውን በል፣ ዝም ብቻ አትበለኝ።"

ባንኮኒው ጋ እትዬ ደብተር እስክሪብቶ ይዘው ፍዝዝ ብለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋቸው። "ልጄ፣ የገዛ ቤትህን ጥለህ ወዴት ነው?" አሉ።

ደረቱ ላይ የሙጫ ሽርጡን እንዳንጠለጠለ ወደ መንገዱ ወጣ። የቅዳሜ ሰው እየተጋፋ ይሄዳል፤ እሱም ተጋፋ። ሰው እንዲህ ድረስ፣ እስከ ውስጠኛው ገጽ ድረስ አንብቦት አያውቅም ነበር። ደስ ያለው ይመስለዋል፣ የተዋረደ ይመስለዋል፤ ሁለቱን መለየት አቃተው። እግሩን አፈጠነ፤ ዞሮም አላየ።